ጥፋቱ የዝናቡ ነውን?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ሰምተነዋል እንጂ ተምረንበታል ለማለት ግን እኔ በበኩሌ አልደፍርም። ምነው ቢሉ፣ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር እኔ ራሴ ቸኩዬ ያፈሰስሁት እህል ሳይሆን የታላቅ ወንድሜን ደም ነበርና ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ በዝናብ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ስለ መሄድ ያለኝን አስተያየት ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማቅረብ ብዕሬን አነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዝናብ ክፉ ለመናገር እንዳልተነሣሁ አንባቢዎቼ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። እኛ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምንኖር ሰዎች የዝናብን ዋጋ ጠንቅቀን እናውቃለን። ዝናብ የዘገየ እንደሆነ የመቂና የባቱ ገበሬ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ከብት አርቢውም ይጨነቃል። ክረምቱ በሰላም ሲወጣ ደግሞ ሕዝቡ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ተሰብስቦ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ዝናብ በረከት ነው። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር «እገሌ ከሞተር ወደቀ» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ «ምን ይደረግ፤ ዝናቡ ነዋ!» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። የእኔ ክርክር ከዚህ አባባል ጋር ነው።

ከተማችን አዳማ፣ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ ናዝሬት የሚሏት፣ በኮረብቶች መካከል በጎድጓዳ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ስለሆነም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ከዙሪያው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ደለል እየጠረገ ወደ መንገዶቻችን ይገባል። ዝናቡ ካባራም በኋላ ያ አሸዋ በአስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ከዚህም ከተማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ ድረስ የተጓዘ ሰው ሞተር ብስክሌት ለስንቱ ቤተ ሰብ እንጀራ እንደሆነ ይመለከታል። መኪና በማይገባበት የገጠር መንገድ የጤና ሠራተኛው የሚሄደው በእርሱ ነው፤ ነጋዴው ገበያ ለገበያ የሚዞረው በእርሱ ነው፤ የታመመውንም ሰው አንዳንድ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው እርሱ ነው። ስለዚህ «ሞተር አደገኛ ነውና ይቅር» ማለት ለሚናገረው ሰው ቀላል ቢሆንም ለሚኖርበት ሰው ቀላል አይደለም።

የእኔም ታላቅ ወንድም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ሥራው የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተሮችን መጠገን ነው። አንድ ገበሬ ፓምፑ ቆሞበት ሽንኩርቱ መድረቅ ሲጀምር በስልክ ይጠራዋል፤ እርሱም የመፍቻ ሣጥኑን ከኋላ አስሮ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል። የምንኖረው በወንጂ ነው። እኔ የምማረው አዳማ ስለሆነ፣ ሥራው ወደዚያ በሚሆንበት ቀን ከኋላው አፈናጥጦ ያደርሰኛል። ከወንጂ እስከ አዳማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ያን ዕለት የዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ። ሌሊቱን ሳጠና አምሽቼ ስለነበር ተኝቼ አረፈድሁ። እናቴ ሦስት ጊዜ ቀስቅሳኝ ነበር። ከቤት ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለአሥር ቀን ያህል ዝናብ አልጣለም ነበርና መንገዱ አቧራ ለብሷል። ጥቂት እንደ ሄድን ማካፋት ጀመረ። ወንድሜ ሞተሩን ከአንድ ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ያለውን አንድ የራስ ቁር ከራሱ ላይ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። «ደብተርህ እንዳይርስ ከጃኬትህ ውስጥ አግባው፤ ይህንንም አጥልቅ» አለኝ። እኔም ሳልከራከር አጠለቅሁት። ቀጥሎም ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ።

እኔ ግን ዓይኔ በሰዓቴ ላይ ነበር። በትምህርት ቤታችን ደንብ በር የሚዘጋው ልክ በ2 ሰዓት ነው፤ ለፈተና የዘገየ ተማሪም አይገባም። «ጋሼ፣ ቶሎ በል፤ በሩ ሊዘጋ ነው» አልሁት። ዝም አለኝ። ደግሜ አልሁት። በሦስተኛው ጊዜ ቃሌ ቁጣ ነበረበት፤ «ፈተናው ካመለጠኝ በአንተ ነው!» አልሁት። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ወንድሜም የሞተሩን ፍጥነት ጨመረ።

ወደ አዳማ መግቢያ በተቃረብን ጊዜ ከፊታችን ይሄድ የነበረ ባጃጅ ሰው ለመጫን በድንገት ቆመ። ወንድሜ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ተቆለፈ፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። በሳሙና ላይ እንደሚሄድ ሰው ተንሸራትቶ ወደ ጎን ወደቀ። እኔ ተንከባልዬ ተነሣሁ፤ ከጉልበቴና ከክንዴ መላጥ በቀር ምንም አልሆንሁም። የራስ ቁሩ ላይ ከግንባሬ በላይ ባለው ቦታ አንድ ረዥም ጭረት ወጥቶበት ነበር። ወንድሜ ግን በመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ራሱን ተመትቶ ዝም ብሎ ተኝቷል። ለጥቂት ደቂቃ ያህል አልተናገረም። ያ ጥቂት ደቂቃ ለእኔ ከዓመት ይረዝማል። ዓይኑን ሲከፍት በመጀመሪያ የተናገረው ቃል «ደኅና ነህ? ፈተናው አመለጠህ?» የሚል ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ ድኗል። የራስ ቆዳው ተሰፋ፤ የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ስለነበር እጁ ለብዙ ሳምንት በጨርቅ ታስሮ ሰነበተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራ አልሠራም፤ በቤታችንም ምን እንደ ጎደለ እኛ እናውቃለን። ፈተናውስ? ፈተናው የሐኪም ወረቀት አቅርቤ በሌላ ቀን ተሰጠኝ። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ በዚያ ጧት ፈታኞቹ ራሳቸው በዝናቡ ምክንያት ዘግይተው ስለነበር ፈተናው የተጀመረው ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ያህል አልፎ መሆኑን ከጓደኞቼ መስማቴ ነው። ለምን ቸኮልሁ?

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር በፊዚክስ ትምህርታችን መሠረት ለማስላት ሞከርሁ። ስለ ሰበቃ የተማርነውን ያስታውሷል። እንደ አስፋልቱና እንደ ጎማው ሁኔታ ቢለያይም፣ በደረቅ አስፋልት ላይ የጎማው የሰበቃ መጠን 0.7፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ 0.4 ያህል ነው እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች በአንዷ ሴኮንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ከያዘ በኋላም በደረቅ መንገድ ለመቆም 14 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በእርጥብ መንገድ ግን 25 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በድምሩ በደረቅ 28 ሜትር፣ በዝናብ 39 ሜትር ይሆናል። ይኸው ሞተረኛ በዝናብ ጊዜ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኖሮ ሁሉም ተደምሮ በ17 ሜትር ውስጥ በቆመ ነበር። የክብደቱ መብዛት ወይም ማነስ በዚህ ስሌት ውስጥ እንደማይገባ ያየ ሰው «እኔ ቀጭን ነኝ፤ ሞተሬም ትንሽ ናት» እያለ ራሱን አያታልልም።

አሁን ደግሞ የጊዜውን ሒሳብ እንመልከት። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ግን 20 ደቂቃ። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ነው። እንግዲህ እኔ የወንድሜን ራስ ያስያዝሁት ለ8 ደቂቃ ነው ማለት ነው። እነዚያን 8 ደቂቃዎች ደግሞ ከእንቅልፌ ላይ ባገኛቸው ኖሮ ዋጋቸው ምንም ነበር።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙ ሰው መንገድ የሚያዳልጠው ዝናቡ ሲበረታ ብቻ ይመስለዋል። እጅግ የሚያሠጋው ግን ከደረቅ ሰሞን በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። በደረቁ ጊዜ ከመኪና የሚንጠባጠበው ዘይት፣ ከጎማ የሚፋቀው ላስቲክና አቧራው በአስፋልቱ ላይ ይከማቻል። ጥቂት ውሃ ሲነካው ሁሉም ተለውሶ እንደ ቅባት ይሆናል። ዝናቡ ከቆየ አጥቦ ይወስደዋል፤ ካፊያው ግን ለውሶ ይተወዋል። የእኛም አወዳደቅ በዚህ ሰዓት ነበር። እንዲሁም በመንገድ ላይ የተቀባው ነጭ ቀለም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳንና ብዙ ጎማ ያለሰለሰው ኮብልስቶን በዝናብ ጊዜ ከሌላው ይልቅ ያንሸራትታሉ። ውሃ የተኛበትንም ቦታ ማንም ቢሆን «ጥልቅ አይደለም» ብሎ መድፈር የለበትም፤ ከውሃው በታች ያለውን ጉድጓድ የሚያውቀው ውሃው ብቻ ነው።

መኪና በአራት እግሩ የቆመ ነውና ቢንሸራተትም ቆሞ ይንሸራተታል። ሞተር ብስክሌት ግን የሚቆመው በሁለት ጎማ ሚዛን ነው፤ ጎማው መሬቱን የመያዝ ኃይሉን ያጣ እንደሆነ ሚዛኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በዝናብ የሚነዳ ሰው ፍሬኑን በድንገት ሳይሆን አስቀድሞና በቀስታ፣ የፊቱንም የኋላውንም አስማምቶ፣ ሞተሩን ሳያጋድል ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ከሥሩ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ክረምት ሳይገባ መቀየር ይገባዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወንድሜ ነው። ያን ዕለትም ያውቀው ነበር። ያወቀውን እንዳያደርግ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

የእኔም አስተያየት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአገራችን የሞተር አደጋ ሲደርስ የምንወቅሰው ዝናቡን፣ አለዚያም ነጂውን ነው። «ወጣት ነው፤ ይበራል» እንላለን። እውነት ነው፣ የሚበር አለ። ነገር ግን ከኋላ ተቀምጦ «ቶሎ በል» የሚለውን ሰው የሚወቅሰው ማን ነው? በስልክ «እስካሁን የት ነህ? ሌላ ሰው ልጥራ?» የሚለውን ደንበኛስ? ዕቃው በሰዓቱ ካልደረሰ ገንዘብ የሚቀንሰውን ነጋዴስ? የሞተሩን መሪ የያዘው አንድ እጅ ነው፤ ከጀርባ የሚገፉት እጆች ግን ብዙ ናቸው። የነጂው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የእኛ ትዕግሥት ማጣት ነው።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የዕድል ነገር ነው፤ የተጻፈ አይቀርም» ይላሉ። እኔ ሃይማኖት ያለኝ ልጅ ነኝ፤ ከፈጣሪ ሥልጣን ጋር አልጣላም። ነገር ግን ገበሬ ሰብሉን አጭዶ ከክረምት በፊት ጎተራውን ይከድናል እንጂ «ከተጻፈልኝ አይበሰብስም» ብሎ በዝናብ ሜዳ ላይ አይተወውም። ለጤፋችን ያደረግነውን ጥንቃቄ ለራስ ቅላችን መንፈጋችን ምን ይባላል?

ሌሎች ደግሞ «ሞተርን ጨርሶ መከልከል ነው» ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሎ ነበር። የዚያ ምክንያት ግን በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ እንጂ ዝናብ አልነበረም። በሞጆና በመቂ መንደሮች ውስጥ በሞተር ፋንታ የሚተካ ምን አለ? ሊቀር የማይችለውን ነገር ማስተካከል ከመከልከል ይሻላል።

ስለ ራስ ቁርም ጥቂት ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1935 «የዓረቢያው ሎረንስ» የተባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ፣ በጦርነት ያልሞተው ሰው፣ በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ ራሱን ተመታና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሂዩ ኬርንዝ ነበር። ይህም ሰው ነገሩን ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 የራስ ቁር የሞተረኞችን ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳይ ጥናት አወጣ፤ በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የተሠራ ምርመራም የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አስረድቷል። የአገራችንም የትራፊክ ደንብ ሞተረኛ የራስ ቁር እንዲያደርግ ያዛል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ሁለት ሰው ተሳፍሮ አንድ የራስ ቁር፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ እስኪታይ ድረስ በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል! ክንድ የሚያስብ አካል ይመስል! ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ያልተቆለፈም የራስ ቁር ገና ከመሬት ሳይደረስ ወልቆ ይሄዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሌላው ምክንያት ሁሉ አብልጦ የሚገድለውም ይኸው ነው። ይህ ዕድሜ የእኛ የተማሪዎች ዕድሜ ነው። ስለዚህ ነገሩ «የሞተረኞች ጉዳይ» ተብሎ የሚተው አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ እኛ ተማሪዎች በሞተርም ሆነ በባጃጅ ስንሳፈር በዝናብ ጊዜ «ቶሎ በል» ማለትን እንተው። እንዲያውም ነጂው ቢቸኩል «ቀስ በል፤ አልቸኮልሁም» ለማለት ድፍረት ይኑረን። ባንቸኩል እንዲያ ለማለት እንድንችል ደግሞ ክረምት ሲገባ ከቤታችን ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንውጣ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሰው የሚጓዝበት ሞተር ሁለት የራስ ቁር ይኑረው። ልጁን በሞተር ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ከደብተሩና ከጫማው ጋር የራስ ቁሩንም ከትምህርት ዕቃ አንድ አድርጎ ይቁጠረው።

ሦስተኛው ለተከበሩት መምህራኖቻችንና ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር በትሕትና የማቀርበው ልመና ነው። ሰዓት ማክበር ታላቅ ትምህርት እንደሆነ አምናለሁ፤ በሩ በሰዓቱ ባይዘጋ አንዳንዶቻችን ስድስት ሰዓት ላይ የምንመጣ ሰዎች ነን። ነገር ግን በፈተና ሰሞን፣ ጧት ዝናብ በሚጥልበት ቀን ብቻ፣ በሩ ለሃያ ደቂቃ ክፍት ቢሆንና የዘገየው ተማሪ ስሙ ተመዝግቦ ቢገባ ምን ይጎዳል? «ተማሪው ምሕረቱን መነገጃ ያደርገዋል» የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። ዝናብን ግን ማንም ተማሪ ሊዘንብ አያደርገውም፤ ሰማዩ ለሁላችንም ምስክር ነው። የተዘጋ በር ሰውን ሰዓት ያስተምረዋል፤ በዝናብ ቀን የተዘጋ በር ግን ሰውን ያስሮጠዋል። እኔ ያን ዕለት ሃያ ደቂቃ እንዳለኝ ባውቅ ኖሮ ቁጣውን ባልተናገርሁ ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን በበሩ ላይ ለመጫን አይደለም፤ ተኝቼ ያረፈድሁት እኔ ነኝ፤ የተናገርሁትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ሌላው ልጅ እኔ በወደቅሁበት እንዳይወድቅ በሩን በጥቂቱ መግፋት የሚቻል ከሆነ ይገፋ እላለሁ።

ወንድሜ ዛሬም በክረምት ሞተሩን ይነዳል፤ ፓምፕ የቆመበት ገበሬ ክረምቱ እስኪወጣ አይጠብቅምና። እኔም የመጀመሪያውን የበዓል ገንዘቤን አጠራቅሜ፣ እናቴም ጨምራልኝ፣ ሁለተኛ የራስ ቁር ገዛን። ጭረት ያለበትን አሮጌውን ግን፣ አንድ ጊዜ የተመታ የራስ ቁር ዳግመኛ አይታመንም ስለሚባል፣ ከቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ጧት ስነሣ አየዋለሁ፤ ካየሁትም በኋላ ለመተኛት አልችልም።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ መጪው ክረምት ዝናቡን ይዞ በጊዜው ይመጣል። ይምጣልን፤ ምድራችን ትፈልገዋለች። ጥፋቱ የዝናቡ ነውን? ብዬ ለጠየቅሁት ጥያቄ የእኔ መልስ «አይደለም፤ የችኮላችን ነው» የሚል ነው። ከዝናቡ በላይ ልንገዛው የምንችለው ችኮላችንን ነውና፣ ከዚያ እንጀምር።